ደንቡን ባታውቁም ሂዱ፦ የሰመር ቤዝቦል ለቤተሰብ

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደዚህ ኑ፣ ፊት ለፊት ባዶ ነው። እኛ ሐበሾች መቼም ከኋላ መቀመጥ እንወዳለን።

ጁን አጋማሽ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ዛሬ የት ነው የምንሄደው?” ይላሉ። ካምፕ ኪስ ያራቁታል። አራት አምስት ሆኖ ፊልም ቤት መግባት፣ ፖፕኮርኑ ሲጨመርበት፣ የሳምንት አስቤዛ ይበላል። እኛ አንድ ጊዜ ልጆቹን ወደ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ወስደናቸው ነበር። ሰልፉ ሌላ፣ ፀሐዩ ሌላ። የውሃውን ዋጋ ስሰማ ግን ጥሜ ራሱ ጠፋ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሌላ መውጫ ነው። በሰመር የኮሌጅ ተማሪዎች ስለሚጫወቱት ቤዝቦል። ፊታችሁ ይታየኛል እኮ። “ቤዝቦል? ያ የማያልቀው?” እያላችሁ ነው። አዎ፣ እሱው። የሚጠቅመንም አለማለቁ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? የኮሌጅ ቤዝቦል ውድድር ፌብሩዋሪ ላይ ይጀምርና ጁን ላይ ያበቃል። ጎበዝ ተጫዋች ግን ሰመሩን ሙሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ስለዚህ በየአካባቢው የሰመር ሊጎች አሉ። ከቴክሳስ፣ ከፍሎሪዳ፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከየትም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ልጆቻቸውን ይልካሉ። ልጆቹ ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ አንዳንዱ ጋ እስከ ኦገስት መጀመሪያ፣ በየማታው ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። ሊጉ ደሞዝ አይከፍላቸውም። የመጡት ለመታየት ነው።

ለመታየት ስል ዝም ብዬ አይደለም። ከካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ኳሷን ከሚቀልበው ልጅ ጀርባ፣ ከመረቡ በስተኋላ ያሉትን ወንበሮች እዩ። ኮፍያ ያደረጉ፣ ብዙም የማያወሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። በእጃቸው ፍጥነት መለኪያ ይዘዋል። እያንዳንዱ ኳስ ሲወረወር ይደግኑበታል፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እነዚህ ለትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉ ናቸው። የልጁ ዕጣ ፈንታ እዚያች ደብተር ላይ እየተጻፈ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሁለት ወንበር አልፋችሁ ኦቾሎኒ እየላጣችሁ ነው።

ሌላው ነገር ዱላው ነው። ኮሌጅ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ በብረት ዱላ መጫወት ተፈቅዷል። ትልልቆቹ ሊጎች ግን በእንጨት ብቻ ነው የሚጫወቱት። ብረቱ ይቅር ባይ ነው፤ ኳሷን ትንሽ ስተህ ብትመታትም ትሄዳለች። እንጨት ላይ እንደዚያ ማድረግ አይቻልም። እጅህን ያነዝርሃል፣ አንዳንዴም ዱላው ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ይበራል። የሰመር ሊጎቹ በእንጨት ስለሚያጫውቱ እውነተኛው መቺ የሚለየው እዚህ ነው። ድምፁም ሌላ ነው። ኳሷ በትክክል የተመታች እንደሆነ ስልኩ ላይ ያጎነበሰው ሁሉ ቀና ይላል።

ከእነዚህ ሊጎች ስሙ የገነነው ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው የኬፕ ኮድ ሊግ ነው። 10 ቡድን አለው፣ ከ1985 ጀምሮ በእንጨት ዱላ ይጫወታል፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ባልዲ ወይም ኮፍያ ይዞራል፣ የቻለ ጣል ያደርጋል። የኒው ዮርክ ያንኪሱ አሮን ጃጅ በ2012 እዚያ ለብሩስተር ሲጫወት ታዳጊዎች አጥር ተደግፈው ያዩት ነበር። ዛሬ እሱን ለማየት የሚከፈለውን ሂሳብ እናንተው ገምቱት።

እኛ ግን ኬፕ ኮድ ድረስ መንዳት አያስፈልገንም። እዚሁ ሰፈራችን አለ። የካል ሪፕከን ኮሌጅ ሊግ ይባላል፤ በ2005 የተመሠረተ ነው። ካል ሪፕከን የሚባሉ አባትና ልጅ አሉ፤ ስሙ የተሰጠው ለአባትየው፣ ለረጅም ዘመን የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሠልጣኝ ለነበሩት ነው። ተጫዋች የነበረው ልጅየውማ 2,632 ጨዋታ ሳያቋርጥ የተጫወተው ሰውዬ ነው። አንድ ቀን እንኳ “አሞኛል” ሳይል!

በዚህ ሊግ ቤተዝዳ ላይ ቢግ ትሬይን የሚባል ቡድን አለ። የሚጫወተው ካቢን ጆን ፓርክ ውስጥ ነው። ሜዳው በዋሽንግተን ፖስቱ የስፖርት ጸሐፊ በሸርሊ ፖቪች ስም ነው የተሰየመው፤ በ1999 ተከፈተ። ከአንድ ሺህ ሰው በታች የሚይዝ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ዙሪያው ዛፍ የሆነ ሜዳ ነው። ፓርኩ ውስጥ የልጆች መጫወቻ አለ፣ ትንሽ ባቡርም አለች። ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ልጆቹን እዚያ አድክማችሁ ማታ ወደ ጨዋታው መግባት ትችላላችሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ተንደርቦልትስ የሚባለው ቡድን ብሌር ሃይ ስኩል ሜዳ ላይ ሲጫወት ኖሯል፤ አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን በየቀኑ የምታደርሱበት ትምህርት ቤት ማለት ነው። አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ኤይስስ አሉላችሁ፤ ፎር ማይል ረን አጠገብ። ቡድኖች በየዓመቱ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ የዘንድሮውን ፕሮግራም ከድረ ገጻቸው ላይ እዩ።

ዋጋውስ? የትኬቱ ዋጋ ከቡድን ቡድን ይለያያል፤ አብዛኛው ጋ ግን አንድ ሰው ማኪያቶና ኬክ ከሚያወጣው እምብዛም አይርቅም። ለሕፃናት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል ወይም ነፃ ነው። መኪና ማቆሚያው ባብዛኛው አይከፈልበትም። ዲሲ ውስጥ ትልቁ ስታዲየም ሄዳችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ገና ከመኪናችሁ ሳትወርዱ ስንት ዶላር እንደሚሄድ።

እሺ፣ አሁን ደንቡን። አምስት ደቂቃ ስጡኝ። እንደውም ሦስት።

ሁለት ቡድን፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው። አንደኛው ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ከጉብታው ላይ ሆኖ ይወረውራል። መቺው ኳሷን መትቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ መሬት ላይ ወዳለችው ምልክት፣ ይሮጣል። የሚሮጥባት መንገድ አራት ማዕዘን ናት፤ ሦስቱን ቤዝ ዞሮ የተነሳበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ። ሦስት ጊዜ ሊመታ የሚገባውን ኳስ ከሳተ ወይም ዝም ብሎ ካሳለፈ ወጣ። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ወጣ። ከሱ በፊት ኳሷ ቤዙ ላይ ከደረሰች ወጣ። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይቀየራል። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። አለቀ። የቀረውን ጎናችሁ የተቀመጠውን አሜሪካዊ ሽማግሌ ጠይቁት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። የሚያስቸግራችሁ ዝም ማሰኘቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒቸሩ ከመቺው የሚርቀው 60 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ 18 ሜትር ተኩል ገደማ። እነዚህ የኮሌጅ ልጆች በሰዓት 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ይወረውራሉ። ኳሷ እስክትደርስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ቲቪ ላይ ይሄ አይታይም። ከሜዳው አጥር ጀርባ ሆናችሁ ስታዩት ግን ኳሷ ስታፏጭ ትሰማላችሁ። የካቸሩ ጓንት ውስጥ ስትገባ ጧ! ትላለች። ልጄ መጀመሪያ የሰማ ዕለት ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ታዲያ ከመረቡ ጀርባ ተቀመጡ። ከመስመር የምትወጣ ኳስ ቀልድ አታውቅም።

አሁን ወደ “የማያልቀው” ልመለስ።

እውነት ነው፣ ቤዝቦል ቀርፋፋ ነው። እግር ኳስ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ፒቸሩ ጓንቱን ያስተካክላል። መቺው ይወጣል፣ ዱላውን ያወዛውዛል፣ ይመለሳል። ካቸሩ ምልክት ይሰጣል። ፒቸሩ አይሆንም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ኳሷ በእንቅስቃሴ ላይ ያለችው ከዚያ ጥቂቱን ነው። ታዲያ የቀረው ጊዜ የማነው? የእናንተ ነው። ከልጃችሁ ጋር የምታወሩበት ነው። እግር ኳስ ላይ ልጅህ “አባዬ” ሲልህ “ቆይ ቆይ!” ትለዋለህ። እዚህ ግን ጨዋታው ራሱ ፋታ ይሰጥሃል። ልክ እንደ ቡና ነው፤ አቦሉ እስኪደርስ፣ ቶናው እስኪደገም የሚወራው ወሬ ነው ዋናው። ከልጄ ጋር ስለ ትምህርት ቤቱ፣ እቤት አፍ አውጥቶ ስላልነገረኝ ነገር ያወራሁት አራተኛው ኢኒንግ አካባቢ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ሜዳውን እያየን። ጎረምሳ ዓይን ለዓይን ሲታይ አያወራም። ወላጆች ይሄን ታውቃላችሁ።

አያቶችንም አትርሱ። ስንቶቻችን ነን እናትና አባት ከሀገር ቤት አስመጥተን አፓርታማ ውስጥ ዘግተንባቸው ሥራ የምንሄደው? “እስር ቤት ነው ልጄ” የሚሉትን ሰምታችኋል። አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ጊዜ አንድ ማታ ይዘናቸው ሄድን። ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተን፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው “ይሄ ልጅ ምን ሠርቶ ነው የሚመለሰው?” አሉኝ። “ሦስት ጊዜ ስቶ ነው” አልኳቸው። “አዬ! ደግሞ ይስጡት እንጂ” አሉ።

ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ፒቸሩ ተበላሸበት። ወረወረ፣ ተመታ። ወረወረ፣ ተመታ። አሠልጣኙ ከጥላው ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ጉብታው ሄደ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። አሠልጣኙ እጁን ዘረጋ፣ ልጁ ኳሷን እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አሰናበተው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። “አንጀቴን በላው፤ እናቱ የት አለች?” አሉ። ከጨዋታው በኋላ ልጁ አጥሩ ጋ ቆሞ ለልጆች ኮፍያ ላይ ሲፈርም አገኘነው። እሳቸው ሄደው ጉንጩን ሳሙት። አንዴም አይደለም፤ በእኛ ልማድ ሦስት አራቴ። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ በር የሚያክል ልጅ ጎንበስ ብሎ ተሳመ። ትልቁ ስታዲየም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም።

ምግቡስ? ሆት ዶግ፣ ናቾስ፣ ፖፕኮርን፣ አይስክሬም ይሸጣል። እኛ ግን የራሳችን ሒሳብ አለን። ጨዋታው የሚጀምረው የሐዋርያት ጾም በሚይዝበት ሰሞን ነው፤ ጾሙ ሐምሌ 5 ይፈታል፣ በፈረንጅ ጁላይ 12 ማለት ነው። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ውድድሩ እያለቀ ነው። ስለዚህ የጾመኛ መፍትሔ ያስፈልጋል። አትጨነቁ። ቤዝቦል ሜዳ ላይ የታወቀው ነገር ኦቾሎኒ ነው። ተጫዋቾቹማ ሱፍ ነው የሚቆረጥሙት! ተጠባባቂዎቹ የሚቀመጡበት ወለል በሱፍ ገለባ ተሸፍኖ ታያላችሁ። ከእኛ ቆሎ ይዞ የሄደ ሰው ምንም የሚያፍርበት ነገር የለም። ሙስሊም እህት ወንድሞቻችንም ከሆት ዶጉ ይልቅ ከቤት የተያዘ ይሻላችኋል። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ከሜዳ ሜዳ ይለያያል።

አንዳንዶቻችሁ “ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?” ትሉ ይሆናል። ዩ ስትሪትና ናይንዝ ላይ ክትፎ በልታችሁ አታውቁም? ከዚያ ጥቂት ብሎክ ወደ ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። አንዳንዶቻችሁ እዚያ ትሠራላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እዚያ ወልዳችኋል። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት እስከ 1965 ድረስ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የዋሽንግተን ሴኔተርስ በ1924 ዋንጫውን የበሉት እዚያ ነው። የዚያ ቡድን ፒቸር ዋልተር ጆንሰን ነበር፤ ቅጽል ስሙ ቢግ ትሬይን። የቤተዝዳው ቡድን ስያሜ ከሱ የመጣ ነው። ከ1907 እስከ 1927 ለአንድ ቡድን ብቻ ተጫውቶ 417 ጨዋታ አሸነፈ። በኋላም የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሚሽነር ሆኖ ተመርጧል። በስሙ የተሰየመውን ሃይ ስኩል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እዚያው ስታዲየም ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ በተገለሉበት ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን በ1940ዎቹ ይጫወት ነበር። ጆሽ ጊብሰን፣ ከዘመኑ ኃይለኛ መቺዎች አንዱ፣ እዚያ ኳስ እየሰቀለ ሰው ሲያስጮህ ሴኔተርስ ባዶ ወንበር ይቆጥሩ ነበር። ግን አላስፈረሙትም፤ ጥቁር ነውና። ትልቁ ሊግ በሩን ለጥቁሩ ተጫዋች ለጃኪ ሮቢንሰን የከፈተው በ1947 ነው። ጊብሰን ያን ሳያይ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ በ35 ዓመቱ ሞተ። ይሄን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሰፈራቸው ታሪክ ነው፤ በዚህ በካል ሪፕከን ሊግም የግሬይስን ስም ወርሶ የተጫወተ የዲሲ ቡድን ነበር።

አሁን ደግሞ ትንሽ ደፈር ያለ ሐሳብ ላምጣ። እነዚህ ተጫዋቾች ሰመሩን የት ነው የሚያድሩት? ሰው ቤት። ቡድኖቹ “አስተናጋጅ ቤተሰብ” ይፈልጋሉ። ባዶ መኝታ ቤት ያለው ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ለሁለት ወር ይቀበላል። አልጋና መታጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚበላ ነገር። ብዙ ቡድን ለአስተናጋጆቹ የነፃ መግቢያ ይሰጣል። ይሄ እኛን የሚያቅተን ነገር ነው? ዘመድ በየሳሎናችን ሲያድር የኖርን ሰዎች አይደለን? ከኦክላሆማ የመጣ ልጅ ፍርፍር እየበላ፣ የእናንተ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ከሱ ጋር ጓሮ ኳስ እየተወራወረ ሰመር ሲያልፍ አስቡት። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። ልጁ ብዙ እንደሚበላም ተዘጋጁ።

ሌላ ስቴት ያሉ ዘመዶቻችሁም ይሄ አለላቸው። ሚኒሶታ ያላችሁ ዘመዶች ኖርዝዉድስ ሊግ አላቸው፤ በ1994 የተጀመረ ነው፣ ሴንት ክላውድ ላይ ሮክስ ይጫወታሉ። ሳቫና ጆርጂያ ያሉት፣ ዛሬ በጭፈራቸው ዓለም ያወቃቸው ባናናዎች፣ በ2016 የጀመሩት እንዲህ ያለ የሰመር ኮሌጅ ቡድን ሆነው ነው። አላስካ ፌርባንክስ ደግሞ ከ1906 ጀምሮ በጁን ረጅሙ ቀን ሌሊት የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። ያለ መብራት! ፀሐይዋ እዚያው ናት። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ ብርድ አልወድም።

የማልወደውን ካልነገርኳችሁ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። በየኢኒንጉ መሐል የሚለቁት ሙዚቃ ጆሮ ይበጥሳል። ስሕተት ብዙ ነው፤ ኳስ ይጥላሉ፣ አቅጣጫ ይስታሉ፣ ልጆች ናቸውና። ቢንቢው ጁላይ ላይ ቁርጭምጭሚት ይጨርሳል፤ የሚቀባ ነገር ያዙ። ማታ ማታ ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል፤ ለልጆቹ ሹራብ። ሰባተኛው ኢኒንግ መሐል ሁሉም ተነስቶ እየተንጠራራ ይዘፍናል፤ ግጥሙን ባታውቁትም ተነሱ። ከዚያ በኋላ ልጆች እንቅልፍ ከያዛቸው ወደ ቤት መሄድ ነውር የለውም። ማን አሸነፈ የሚለውን ነገ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

በየጁላይ 4 ሰሞን የሐበሻው እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውድድር አለ፤ ከ1984 ጀምሮ ሰመራችን ማለት እሱ ነው። ለዚያ ሆቴልና አውሮፕላን ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔም እሄዳለሁ። እሱ ግን አንድ ሳምንት ነው። ለቀሩት ማታዎች ይሄ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ አለላችሁ።

ዝናብ ከጣለ ጨዋታው ሊሰረዝ ይችላል፤ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የቡድኑን ገጽ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራሉ፤ ከሥራ ወጥቶ፣ ልብስ ቀይሮ ይደረሳል። በአንድ መኪና መሄድ የምትፈልጉ እዚያ በሩ ጋ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁን ጻፉ። አሁን ጥያቄ። ያቺ ከኋላ እጇን ያነሳችው እህቴ፣ ቀጥዪ።